ጋሊየም ናይትራይድ፦ በአምፖልና በቻርጀር ውስጥ ያለው ቁስ፣ ምርምሩና ለተጠቃሚዎች ያለው ፋይዳ

ይህ ጽሑፍ ጋሊየም ናይትራይድ ስለተባለው ከፊል አስተላላፊ (ሴሚኮንዳክተር) ቁስ ምንነት፣ ስለ ምርምሩ ታሪክና ወቅታዊ ደረጃ፣ እንዲሁም ቁሱ የሚገኝባቸውን ዕቃዎች ሲገዙና ሲጠቀሙ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ለዜጎች ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በመስኩ ምርምር ለሚያካሂዱና የፈጠራ ሥራቸውን ለማስመዝገብ ለሚፈልጉ ባለሙያዎችም ጠቃሚ ነጥቦችን ይዟል። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ክንውኖች የተገለጹት እንደ ጎርጎርዮሳውያን የዘመን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት ዓ.ም. የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

1. ጋሊየም ናይትራይድ ምንድን ነው?

ጋሊየም ናይትራይድ ጋሊየም ከተባለው ብረትና ከናይትሮጅን የሚሠራ ጠንካራ ክሪስታል ነው። ጋሊየምን እ.ኤ.አ. በ1875 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ኤሚል ለኮክ ደ ቧቦድራን ነው። ብረቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ በእጅ መዳፍ ሙቀት ብቻ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ከናይትሮጅን ጋር ሲዋሐድ ግን ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም ክሪስታል ይሆናል።

ከፊል አስተላላፊ የሚባሉት ቁሶች እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን ሙሉ በሙሉ የማያስተላልፉ፣ እንደ ፕላስቲክም ሙሉ በሙሉ የማይከላከሉ፣ እንደ ሁኔታው አንዱን ወይም ሌላውን እንዲሆኑ ማድረግ የሚቻል ናቸው። የኮምፒዩተርና የስልክ አእምሮ የሚሠራበት ሲሊከን ከእነዚህ ዋነኛው ነው።

በከፊል አስተላላፊ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከታሰረበት ተላቆ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የተወሰነ ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህ መጠን የጉልበት ክፍተት ይባላል። በሲሊከን ውስጥ ክፍተቱ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን፣ በጋሊየም ናይትራይድ ውስጥ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በዚህ ምክንያት ጋሊየም ናይትራይድ ሰፊ ክፍተት ካላቸው ከፊል አስተላላፊዎች ይመደባል። ከዚህ ልዩነት ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ብርሃንን ይመለከታል። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ወደ ታች ሲወርድ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። ሲሊከን ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ጉልበቱን በአብዛኛው በሙቀት መልክ ስለሚያጠፋው ለአምፖልነት አያገለግልም። ሁለተኛው ኃይልን ይመለከታል። ጋሊየም ናይትራይድ ሳይሰበር የሚቋቋመው የኤሌክትሪክ ጫና ከሲሊከን አሥር እጥፍ ያህል ነው። ስለሆነም ተመሳሳይ ቮልቴጅ የሚሸከም መሣሪያ በጣም ቀጭንና አነስተኛ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ መንገዱ ባጠረ ቁጥርም በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል።

2. የብርሃኑ ምርምር እንዴት ተሳካ?

ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ወይም በተለምዶ ኤልኢዲ የሚባለው መሣሪያ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያም አረንጓዴው ተከተለ። ሰማያዊው ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል አጥጋቢ መፍትሔ ሳያገኝ ቆየ። ነጭ ብርሃን ያለ ሰማያዊ ስለማይገኝ፣ እስከዚያ ድረስ ኤልኢዲ በመሣሪያዎች ላይ ከሚታይ ጠቋሚ መብራት ያለፈ አገልግሎት ሊሰጥ አልቻለም።

በአሜሪካ የአርሲኤ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዣክ ፓንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1971 ከጋሊየም ናይትራይድ ሰማያዊ ብርሃን ማግኘት ቢችልም ብርሃኑ ደካማ ነበር። ሁለት መሠረታዊ ችግሮች ገና አልተፈቱም። አንደኛው፣ ክሪስታሉ የሚያድግበት ተስማሚ መደብ አለመኖሩ ነው። ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት የሰፋየር መደብ የአቶሞቹ አደራደር ከጋሊየም ናይትራይድ ጋር በ16 በመቶ ያህል ስለሚለያይ በላዩ ላይ የሚያድገው ክሪስታል ስንጥቅና ጉድለት ይበዛበት ነበር። ሁለተኛው፣ ለዳዮድ አስፈላጊ የሆነውን ኤሌክትሮን የጎደለበት ንብርብር መሥራት አለመቻሉ ነው።

በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኢሳሙ አካሳኪና ተማሪያቸው ሂሮሺ አማኖ እ.ኤ.አ. በ1986 በሰፋየሩ ላይ አስቀድመው ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንብርብር በማንጠፍ ጥራት ያለው ክሪስታል አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ማግኒዚየም የተጨመረበትን ክሪስታል በኤሌክትሮን ጨረር በመምታት ሁለተኛውን ችግር ፈቱ። በሺኮኩ ደሴት በሚገኘው ኒቺያ በተባለ ኩባንያ የሚሠራው ሹጂ ናካሙራ በበኩሉ የክሪስታል ማሳደጊያ መሣሪያውን ራሱ አሻሻለ። ማግኒዚየሙን ሥራ እንዳይሠራ የሚይዘው ሃይድሮጅን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1992 አብራርቶ፣ ክሪስታሉን በማሞቅ ብቻ ሃይድሮጅኑን ማስወጣት እንደሚቻል አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ይፋ ሆነ።

በወቅቱ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሌላ ቁስ፣ ማለትም ዚንክ ሴሌናይድን፣ ተስፋ አድርገው ነበር። ውጤቱ የተገኘው ግን ብዙዎች በተዉት መንገድ ላይ በጸኑ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራና አንድ መካከለኛ ኩባንያ ነው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ዛሬ በቤታችን ያለው ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። ኢንዲየም የተጨመረበት ጋሊየም ናይትራይድ ሰማያዊ ብርሃን ያመነጫል። በላዩ የተቀባው ፎስፈር የተባለ ዱቄት የብርሃኑን ከፊል ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ሰማያዊውና ቢጫው ሲቀላቀሉ ለዓይን ነጭ ሆነው ይታያሉ። አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ውስጡ ቢጫ ነጠብጣብ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

3. በኃይል ኤሌክትሮኒክስ ያለው ሚና

ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል። ስልክ የሚፈልገው ግን ጥቂት ቮልት ያለው፣ አቅጣጫው የማይለወጥ ኤሌክትሪክ ነው። ቻርጀር ይህን ልወጣ የሚያከናውነው ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት፣ ከዚያም በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል በማሳለፍ ነው። ይህን የማብራትና የማጥፋት ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተር ነው።

ትራንዚስተሩ በበራና በጠፋ ቁጥር ጥቂት ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። ስለዚህ የሲሊከን ትራንዚስተር ፍጥነቱ ሲጨምር ብክነቱም ይጨምራል። የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር ግን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቢበራና ቢጠፋም የሚያባክነው ኃይል አነስተኛ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ያንሳል። ቀድሞ ለላፕቶፕ ብቻ ይሠራ የነበረው ከባድ ቻርጀር ዛሬ በኪስ የሚያዝ ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ትራንዚስተር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በጋሊየም ናይትራይድ ላይ አሉሚኒየም የተጨመረበት ሌላ ንብርብር ሲደረብ፣ በሁለቱ መገናኛ ላይ ኤሌክትሮኖች ተሰብስበው እንቅፋት የሌለበት ስስ ጎዳና ይፈጥራሉ። ኤሌክትሪኩ የሚጓዘው በዚህ ጎዳና ነው። ቁሱ በሞባይል ኔትወርክ ማሠራጫዎችና በራዳር መሣሪያዎች ላይም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ረገድ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ኢንቨርተር በአብዛኛው የሚሠራው በሲሊከን ወይም በሲሊከን ካርባይድ ነው፤ ከ1,000 ቮልት በላይ ለሆነ ሥራ ሲሊከን ካርባይድ ይመረጣል። ጋሊየም ናይትራይድ በስፋት የሚሠራው እስከ 650 ቮልት ባለው ክልል ሲሆን፣ በተሽከርካሪዎች ላይ በተለይ በውስጥ ቻርጀርና በቮልቴጅ መቀየሪያ በኩል እየገባ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑን ተከትሎ የኤሌክትሪክ መኪና ቁጥር እየጨመረ በመሆኑ፣ የእነዚህ ክፍሎች የጥገና ዕውቀት ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች አዲስ የሥራ መስክ ነው።

4. ምርምሩ አሁን የሚያተኩርባቸው ጥያቄዎች

የመደቡ ጉዳይ፦ ዋጋው ዝቅ እንዲል ጋሊየም ናይትራይድን በርካሹ የሲሊከን መደብ ላይ ማሳደግ ተመራጭ ነው። ይሁንና ሁለቱ ቁሶች በሙቀት የሚለጠጡበትና የሚኮማተሩበት መጠን ስለሚለያይ ንብርብሩ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጀርመኑ ኢንፊኒዮን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በ300 ሚሊሜትር የሲሊከን መደብ ላይ ማምረት መቻሉን አስታውቋል። መደቡ ሲሰፋ ከአንድ ዙር ምርት የሚገኘው የቺፕ ቁጥር ስለሚጨምር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል።

የደኅንነት ጉዳይ፦ የዚህ ትራንዚስተር ተፈጥሯዊ ሁኔታ ትእዛዝ ሳይሰጠው በርቶ መገኘት ነው። ይህ ለኃይል መሣሪያ አደገኛ በመሆኑ፣ ትእዛዝ ሲቋረጥ የሚጠፋ ሆኖ እንዲሠራ የተለያዩ ዘዴዎች በጥቅም ላይ ውለዋል፤ ማሻሻያውም ቀጥሏል።

የአስተማማኝነት ጉዳይ፦ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሠራ አንዳንድ ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። በዚህም መሣሪያው ለጊዜው የበለጠ እንዲቋቋምና እንዲሞቅ ያደርጋሉ።

የቀለም ጉዳይ፦ ሰማያዊው ኤልኢዲ ከፍተኛ ብቃት ላይ ቢደርስም አረንጓዴው ወደ ኋላ ቀርቷል። በተጨማሪም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት የኤልኢዲ ብቃት ይወርዳል። አሉሚኒየም በመጨመር የሚሠሩት የአልትራቫዮሌት ኤልኢዲዎች በ265 ናኖሜትር አካባቢ በሚሰጡት ጨረር በውኃ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያንን ያመክናሉ። ሜርኩሪ ስለሌላቸውና በትንሽ የፀሐይ ኃይል ሊሠሩ ስለሚችሉ ከመስመር ውጭ ለሆኑ አካባቢዎች ተስፋ ይሰጣሉ፤ ብቃታቸው ግን ገና ከሰማያዊው እጅግ ዝቅ ያለ ነው።

የአቅርቦት ጉዳይ፦ ጋሊየም የሚገኘው በዋናነት ከአሉሚኒየም ማዕድን ማጣሪያ እንደ ተረፈ ምርት ነው። ከዓለም የመጀመሪያ ደረጃ ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከቻይና ይገኛል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ጋሊየም ወደ ውጭ የሚላከው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን አድርጋለች። በመሆኑም ብረቱን ከአሮጌ ዕቃዎች መልሶ ማግኘት ከምርምር ርእሶች አንዱ ሆኗል።

5. ለቤተሰብ ያለው ጥቅም በቁጥር

ባለ 60 ዋት ነባር ባለ ክር አምፖል የሚሰጠውን ያህል ብርሃን (800 ሉመን ገደማ) ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። አምፖሉ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ባለ ክሩ 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲጠቀም ኤልኢዲው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይጠቀማል። አራት አምፖሎችን የቀየረ ቤተሰብ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥባል። የቤተሰብ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚል በመሆኑ፣ ቁጠባው ደንበኛውን ወደ ዝቅተኛው የክፍያ እርከን ሊያወርደው ይችላል።

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ለማታ ጥናት የሚበቃ ብርሃን ሊሰጡ የቻሉት ኤልኢዲ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ነው። ኩራዝን በዚህ መብራት የተካ ቤተሰብ ከጭስ፣ ከቃጠሎ አደጋና ከነጭ ጋዝ ወጪ ይድናል።

6. ኤልኢዲ አምፖል ሲገዛ መረጋገጥ ያለበት

ሀ. ሉመን፦ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ሉመን ነው። ዋት የሚያሳየው የሚወስደውን ኃይል ብቻ ነው። በተመሳሳይ ዋት ብዙ ሉመን የሚሰጠው የተሻለ ነው።

ለ. የቮልቴጅ ክልል፦ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ በሚበዛበት አካባቢ ሰፋ ያለ ክልል (ለምሳሌ ከ165 እስከ 265 ቮልት) የተጻፈበትን መምረጥ ይመከራል።

ሐ. የብርሃን ቀለም፦ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ሞቅ ያለ ወርቃማ፣ 6,500 ኬልቪን ደግሞ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ነው። ለመኝታ ክፍል የመጀመሪያው ይመረጣል።

መ. ዋስትናና ደረሰኝ፦ በእሽጉ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። የጽሑፍ ዋስትና መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ የተጠቃሚው መብት ማስከበሪያ ነው።

7. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ኤልኢዲ አምፖል ለዓመታት ይቆያል ከተባለ ለምን በወራት ውስጥ ይቃጠላል?
አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ብርሃን ሰጪው ክሪስታል ሳይሆን 220 ቮልቱን የሚቀይረው በአምፖሉ ግርጌ ያለ ትንሽ ወረዳ ነው። በውስጡ ያለው ካፓሲተር በሙቀት ይደርቃል፤ በድንገት ከፍ የሚል ቮልቴጅም ሌሎቹን ክፍሎች ይጎዳል። በመሆኑም አየር በማያስገባ ሽፋን ውስጥ አለማስገባት፣ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ እስኪረጋጋ ድረስ ማጥፋትና የመስመር ዝርጋታውን በባለሙያ ማስፈተሽ ዕድሜውን ያራዝማል።

በቻርጀር ላይ ጋሊየም ናይትራይድ ተብሎ መጻፉ ስልኬን በፍጥነት ይሞላልኛል ማለት ነው?
አይደለም። የመሙያውን ፍጥነት የሚወስኑት የቻርጀሩ ዋት፣ ገመዱና ስልኩ ራሱ የሚቀበለው መጠን ናቸው። የቁሱ ጥቅም ቻርጀሩ አነስተኛና ብዙም የማይሞቅ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ስሙ በእሽግ ላይ ባጭሩ ጋን ተብሎ ይነበባል፤ ይህ ጽሑፍ ብቻውን ግን የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። ከሚገባው በላይ የሚሞቅ፣ የሚጮኽ ወይም የሚሸት ቻርጀር ወዲያውኑ ከሶኬት ሊነቀል ይገባል።

ቀድሞ የተገዙትን ኃይል ቆጣቢ የፍሎረሰንት አምፖሎች ምን ማድረግ ይገባል?
እነዚህ አምፖሎች በውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ አላቸው። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ለአጠቃላይ መብራት የሚያገለግሉ የፍሎረሰንት አምፖሎች ምርትና ንግድ እስከ 2027 እንዲያበቃ ተስማምተዋል። አምፖሉ ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ለተወሰነ ጊዜ ለቆ መውጣት፣ ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይበትኑ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ በሚከደን ዕቃ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ልጆች እንዲነኩት መፍቀድ አይገባም።

የአልትራቫዮሌት መብራት በቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል?
ተሕዋስያንን የሚያመክነው ጨረር ዓይንና ቆዳን ይጎዳል። ሲበራ ለዓይን ብዙም ስለማይታይ አደጋው አይስተዋልም። ስለሆነም በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ ካልሆነ በቀር በቤት ውስጥ ማብራት አይመከርም።

8. ለተመራማሪዎችና ለፈጠራ ባለሙያዎች

ክሪስታል የማሳደግ ሥራ ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ በቁሱ ላይ የተመሠረተ የወረዳ ንድፍ፣ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር፣ የባትሪ መሙያና ከአገራችን የቮልቴጅ ሁኔታ ጋር የሚስማማ የአምፖል መቀየሪያ ወረዳ መሥራት ከዚያ ባነሰ አቅም የሚሞከር ነው።

በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አንድ ፈጠራ የፓተንት ጥበቃ የሚያገኘው አዲስ ሲሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት ሲኖረውና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ መሆን ሲችል ነው። የሳይንስ ግኝትና ንድፈ ሐሳብ ብቻቸውን ፓተንት አይሰጣቸውም። የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ነባር መሣሪያን በማሻሻል የሚገኙ አነስተኛ ፈጠራዎች ለ5 ዓመት የሚጸና፣ ሊታደስ የሚችል የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

አመልካቾች አንድ ነጥብ በተለይ ልብ እንዲሉ ይመከራል። የምርምር ውጤት በመጽሔት ከታተመ ወይም በዐውደ ርእይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ የአዲስነት መስፈርቱን ማሟላቱ አጠያያቂ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ከማድረግ በፊት ማመልከቻውን ማስገባት መብትን ለማስጠበቅ አስተማማኙ መንገድ ነው።

9. ማጠቃለያ

ጋሊየም ናይትራይድ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየቤቱ ለመግባት ከሃያ ዓመታት በላይ የምርምር ትዕግሥት ጠይቋል። የሚያስገኘው ቁጠባ ግን በቺፑ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ጥራት ያለው መቀየሪያ ወረዳ፣ የተስተካከለ የመስመር ዝርጋታና መለያ ጽሑፍን አንብቦ የሚገዛ ተጠቃሚ ሲሟሉ የሚገኝ ነው። ጥራቱን ያልጠበቀ አምፖል ወይም ቻርጀር የገጠመው ተጠቃሚ ዕቃውን፣ እሽጉንና ደረሰኙን ይዞ በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።